ኮላው እስኪደርቅ

ሐምሌ 6 ቀን 2016፣ ቅዳሜ፣ ሮቤ

ዛሬ አንድ ቤዝ ጊታር ገዛሁ። ከገዛሁት ጀምሮ እጄን አራት ጊዜ ታጥቤአለሁ።

ዳቢሴ ሱቅ የገባሁት ማንቆርቆሪያ ፍለጋ ነበር። ዳቢሴ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የሞተና የተዛወረ ሰው ዕቃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ይደርሳል። ከአሮጌ ፍራሾች ኋላ፣ ጆንያ ውስጥ፣ አንገቱ ብቻ ታየኝ። «እስቲ አውጣው» ስለው በሁለት ጣቱ ይዞ ጎተተው። ሻጩ ራሱ ተጸይፎታል። ጎባ የተዘጋ አንድ ሆቴል ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር አለኝ። ሃያ ዓመት ይሁን ሠላሳ የሚያውቅ የለም። የሠሪው ስም ተፍቋል። «የጀርመን ነው» አለ ዳቢሴ። የጣሊያን ነው ወይ ብዬ ብጠይቀውም አዎ ይለኝ ነበር። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ሰጠሁት። ለቤዝ ጊታር ርካሽ ነው፣ ለቆሻሻ ውድ ነው።

ቀዩ ቀለሙ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለ፤ ቢራ፣ ላብና የሲጋራ ጢስ አንድ ላይ ረግቶ። ጣት ሲነካው ይይዛል። ከአራቱ ክሮች አንዱ የለም፣ ሦስቱ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። የጀርባውን ክዳን ስፈታው ውስጡ የአይጥ ጎጆ ነው። የደረቀች የአይጥ ግልገልም አለችበት። ወደ ውጭ ሮጬ ተፋሁ።

ለምን ገዛሁት? አባዬ በወጣትነቱ ጎባ ኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይመታ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ አልጋ ላይ ነው። ጊታሩን አስተካክዬ እወስድለትና አሰማዋለሁ። ምክንያቱ ይሄ ነው። ጥሩ ምክንያት ነው።

እህቴ ሰርክአዲስ ከጎባ ሁለት ጊዜ ደወለች። እጄ ቆሽሾ ስለነበር አላነሳሁም።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ስፍቅ ዋልኩ። ዝናቡ አላቋረጠም። ከመሥሪያ ቤት ጓንትና አልኮል ይዤ መጥቻለሁ። ይሄም ስርቆት ነው፤ እዚህ ብቻ ልጻፈው።

አንድ ጨርቅ ጠቁሮ ይጣላል፣ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይጠቁራል። መቃኛዎቹ ጥርስ ውስጥ ምን እንደሆነ የማላውቀው ቡናማ ቅባት አለ። በጥርስ መፋቂያ አወጣሁት። አንገቱ ላይ፣ ጣት ሲመላለስበት በኖረው ቦታ ሁሉ፣ የሰው እድፍ እንደ ቅርፊት ጋግሯል። የማላውቀው ሰው ቆዳ ነው። በጥፍሬ ፋቅሁት። ጓንቱ ተቀዶ ኖሮ እድፉ ጥፍሬ ሥር ገባ። ምሳ ሳልበላ ቀረሁ።

የቤቱ ባለቤት ኡሙሰልማ ከኩሽናቸው ወጥተው ቆሙ።

«ያ ረቢ! ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?»

«ጊታር ነው፣ ኡሙሰልማ።»

«ሞቷል እኮ።»

«አድነዋለሁ።»

«የታመመ ሰው ስታጥብ ነው የመሰልከኝ ወላሂ፣ እንዲህ አቅፈኸው» አሉና ሳቁ። «አባትህስ እንዴት ናቸው?»

ደህና ናቸው አልኳቸው።

ሐምሌ 9

ቸኩያለሁ። ላቦራቶሪው በር ላይ ረዥም ሰልፍ አለ። ሰርክአዲስ በምሳ ሰዓት ደወለች። መቼ ነው የምትመጣው? ጊታሩን ልጨርስና። የምን ጊታር? ነገርኳት። ከዚያ «ኪሩ፣ እዚህ ቤት ወንድ ሰው ያስፈልጋል» አለች። ጣሪያው ያፈሰሰ መሰለኝ። አናጺ ፈልጊ አልኳት። ዘጋችው። ጠባይዋ እየባሰ ነው።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ስለ መጨረሻው ጉብኝቴ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ከአፍንጫዬ አይወጣም።

ሰኔ 16 ነበር። ሙዝና ጭማቂ ይዤ ጎባ ሄድኩ። ጎባ ከዚህ አስራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሩቅ ነው ማለት አልችልም። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። የሽንት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ሌላ የከረመ ሽታ አለ፣ ጣፋጭ ነገር የተደባለቀበት። አባዬ ግድግዳው ሥር ባለው አልጋ ላይ ነበር፤ ብርድ ልብሱን በደህና እጁ እስከ አገጩ ስቦ ይዞታል። እኔን ሲያይ ይበልጥ ሳበው። ልስመው ጎንበስ ስል ትንፋሼን ያዝኩ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የታመመ ሰው ነው፣ ይከፋዋል ብዬ ተውኩት።

ሰርክአዲስ ሻይ አቀረበች። አንድ ጊዜ አፌ አድርሼ መለስኩት። ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ ተረኛ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ተረኛ አልነበርኩም። ታክሲው ውስጥ መስኮቱን ስከፍተው አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በብርዱ ተቆጣችኝ።

የማይገባኝ ሰርክአዲስ ናት። አስተማሪ ናት፣ ክረምቱን እረፍት ላይ ነች። ታናሼ ብትሆንም ልጅ አይደለችም። ቤቱን ትጠርጋለች፣ ሳህኑ ያብረቀርቃል፣ ሰውየውን ግን እንደዚያ ትተወዋለች። ይሄ ስንፍና ካልሆነ ጭካኔ ነው። በጣም አስጠልታኛለች።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። በቀን ሠላሳ ሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በዚያው እጄ ታጥቤ ምሳ እበላለሁ። ምንም አይመስለኝም። የማላውቃቸው ሰዎች ስለሆኑ ይሆናል።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ጊታሩን ዲኖ ጋራዥ ወሰድኩት። ዲኖ ባጃጅ ይጠግናል። ካውያ ያለው፣ ሽቦ መበየድ የሚያውቅ፣ የማያጭበረብር ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ውስጡን ከፍተን አየነው። የድምፅ መጨመሪያው በአይጥ ሽንት ተበልቷል። ሽቦዎቹ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ተጠቅልለዋል። ከእኔ በፊት የጠገነው ሰው አውሬ ነው።

ዲኖ እየበየደ «አባትህ አካም ጅራን? እንዴት ናቸው?» አለኝ። ልጅ ሆኖ ጎባ ሲኒማ አዳራሽ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አባዬን ሲጫወት ሰምቶታል። «ሰውየው አይንቀሳቀሱም ነበር እኮ። ሌላው ይዘላል፣ እሳቸው እንደ ምሰሶ። ሱሪያቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው መስታወት። ከመድረክ ሲወርዱ ሽቶ ሽቶ ይሉ ነበር።»

«አዎ፣ ንጹሕ ሰው ነበር» አልኩ።

«ናቸው በል እንጂ» አለ ዲኖ ካውያውን እየነፋ።

ሐምሌ 16

ሰልፍ ላይ ከጎባ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላዩም።

«ይሄ የሰርክአዲስ ወንድም አይደል? ሐኪም ነው ይላሉ።»

«ሐኪም ከሆነማ ምነው የገዛ አባቱን...»

የተረኛውን ስም ስጠራ የአንዷ ሆነና ወሬያቸውን አቋረጡ። የሽንት ዕቃውን ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም። ምነው የገዛ አባቱን፣ ምን? ከተማው ሁሉ ያወራል ማለት ነው። በእህቴ ጥፋት የምሰደበው እኔ ነኝ።

አብራኝ ለምትሠራው ለኤደን ነገርኳት። እህቴ አባቴን አታጥበውም፣ ቤቱ ይሸታል፣ አልኳት። ኤደን ስላይዱን እያየች «ብቻዋን ናት?» አለችኝ። «ብቻዋን ናት፣ ግን እኮ ክረምት ነው፣ ሥራ የላትም።» ኤደን ቀና ብላ አየችኝና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች። መናገር አልነበረብኝም። የቤት ገመና ነው፤ እሱንም አወጣሁት።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

የቤዝ ክር ሮቤ ውስጥ የለም። ኤደን በነሐሴ አዲስ አበባ ስለምትሄድ አመጣልሃለሁ ብላለች። እስከዚያ ያሉትን ሦስቱን ላድናቸው አልኩ። አባዬ ድሮ ክር ሲደነዝዝባቸው ቀቅለው እንደገና ያስሩት እንደነበር ነግሮኛል። በዚያን ጊዜ አዲስ ክር ከየት ይመጣል? ውሃ ውስጥ አፍልቶ ማድረቅ ነው፤ ቅባቱ ይለቅና ድምፁ ይመለሳል።

እኔ ድስት የለኝም። የኡሙሰልማን ትንሽ ድስት ለእንቁላል ነው ብዬ ተዋስኩ። ዋሸሁ፤ ይሄም ይጻፍ። ሲፈላ ላዩ ላይ ግራጫ አረፋ ወጣ። የሥጋ መረቅ ይመስላል። ሽታውም እንዲያው፤ የቆየ የሰው ላብ ሲበስል እንዲህ ነው ለካ። አፍንጫዬን ይዤ ሳማስል ኡሙሰልማ ገቡ። ድስቱን አዩ፣ ክሮቹን አዩ።

«እንቁላሉ የታለ?»

ድስቱን በጨርቅ አንስተው እንደ ፈላ ግቢው ጥግ ወስደው ደፉትና ድስቱንም እዚያው ትተውት ተመለሱ። ክሮቹን ከጭቃው ለቀምኩ። «ሌላ ድስት እገዛልዎታለሁ» አልኩ። «ድስቱ አይደለም» አሉ፤ «ሰው የሚበላበትን አለማክበርህ ነው።» ኩሽናቸውን ቆለፉ። ተቀምጬ ራሴን ጠላሁ። ከዚያ ክሮቹን አደረቅኋቸው።

ሐምሌ 25

ሰርክአዲስ። «ጫሊ ሄደ።» ጫሊ ማን ነው? «እየመጣ የሚያግዘኝ ሰው። እናቱ ታማ ገሰራ ሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።» ለመሸከም ነው? «ለ... አዎ፣ ለሁሉም።» ታካሚ እየጠበቀኝ ነበር። መልሼ እደውላለሁ አልኳት። አልደወልኩም።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

አንድ ካርቶን አዘጋጅቼ በጎባ ታክሲ ሹፌር እጅ ላክሁላት። ስድስት ሳሙና፣ አንድ ካርቶን ጓንት፣ በረኪና፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ የሚረጭ ሽቶ። ላዩ ላይ እንዴት እንደሚታጠብ በዝርዝር ጻፍኩላት፤ ከላይ ወደ ታች፣ በለብ ባለ ውሃ፣ እጥፋቶቹን ማድረቅ። ለባለሙያ ቀላል ነገር ነው።

ማታ ደወለች። ሰላም አላለችኝም። «ሳሙና አላጣሁም» አለችና ዘጋች።

ምስጋና ቢስ።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

ሰበርኩት።

የጎደለውን አራተኛ ክር ኤደን እስክታመጣ መጠበቅ አቃተኝ። ዲኖ ጋራዥ ውስጥ የባጃጅ ፍሪሲዮን ገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ። ውፍረቱ ልክ ነው። ዲኖ «ማሎ፣ ተው። ይሄ ባጃጅ የሚጎትት ነው፣ አይለጠጥም» አለኝ። አልሰማሁትም። አሰርኩት። ስጠመዝዘው ድምፁ ከፍ እያለ መጣ፤ ትንሽ ብቻ ቀረው። «በቃ» አለ ዲኖ። አንድ ዙር ብቻ አልኩ።

አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ እንደ አጥንት ጮኸ። ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ውስጥ የድሮ ኮላ ብጫ ዱቄት ፈሰሰ፣ ከዱቄቱ ጋር አንድ የሞተ በረሮ።

ዲኖ ኮላ ቀብቶ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣ መደርደሪያው ሥር አስቀመጠው። «ሦስት ቀን ይበቃዋል» አለኝ። የለም፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ አልኩት። «ሦስት ቀን ነው እኮ የሚበቃው።» ሁለት ሳምንት፣ አልኩ። ብርድ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ኮላ በዚህ አየር ቶሎ አይደርቅም። ለሰርክአዲስም ይሄንኑ ነገርኳት፤ ኮላው እስኪደርቅ። «እሺ» አለች። እንዲህ በቀላሉ እሺ ብላኝ አታውቅም። ደስ አላለኝም።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ይሄን ለማንም አልናገርም።

ጎባ ሄጄ ነበር። የጊታሩ ክር ማረፊያ ድልድይ ላይ አንድ የቪቴ ቡሎን ስለጎደለ የተዘጋው ሆቴል ዘበኛ ዕቃ ቤቱን ያሳየኛል ተብዬ ነው። ቪቴውን አላገኘሁም። ስመለስ እግሬ በቤታችን መንገድ ወሰደኝ። ከማዶ፣ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ሥር፣ ቆምኩ። ከሳነቴ አምባ የሚመጣው ነፋስ ይሰብራል።

ሰርክአዲስ ግቢው ውስጥ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ስድስት አንሶላ ቆጠርኩ። ነጭ ናቸው፣ ብርድ ልብሱም ታጥቧል። እጇን አየሁት፤ ከሩቅ ይታያል፣ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። ታጥባለች ማለት ነው። ጨርቁን በየቀኑ ታጥባለች። ታዲያ ሽታው ከየት ነው?

ልግባ አልኩ። ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ? ጊታሩ ሞርሳ ውስጥ ነው። ፍልሰታም ነው፣ የምትጾም ሴት ላይ ድንገት መግባት ለምግብ ማስቸገር ነው። ይሄን ሁሉ ምክንያት ደርድሬ ሳበቃ ቀና አለችና ወደ መንገዱ አየች። ወደ እኔ። ዛፉ ይከልለኛል ብዬ አስባለሁ። ቅርጫቷን አንስታ ገባች።

መናኸሪያው አጠገብ ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ሳልቀምሰው ከፈልኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከገዛ ቤታችን ፊት ተደብቄ ተመለስኩ።

ነሐሴ 19፣ እሑድ

ኤደን ክሮቹን አመጣችልኝ። ዲኖ ሞርሳውን ፈታ። ስንጥቁ ይዟል፤ ጠባሳው ይታያል እንጂ ይዟል። አራቱን አሰርኳቸው። ዲኖ ከአሮጌ ሬዲዮ በሠራት አምፕሊፋየር ላይ ሰካሁት። የመጀመሪያውን ክር ስመታ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ቡሎኖች ተንቀጠቀጡ። ዲኖ ሥራውን አቁሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይሄ ነው! ይሄ እዚህ ጋ ነው የሚመታው!» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለአንድ ደቂቃ ደስም አለኝ። ከዚያ አሁን ጎባ ላለመሄድ ምክንያት እንደሌለኝ ገባኝ። ወዲያው ሽቦ የሚሰካበት ጃክ ይንኮሻኮሻል፣ መቀየር አለበት አልኩ። ዲኖ ሰክቶ ነቅሎ ሰማ። «ምኑ ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለ።

ነሐሴ 26፣ እሑድ

ረዥም ነው የሚሆነው።

አርብ ዕለት ሰርክአዲስ መሥሪያ ቤቴ መጣች። ሳትደውል። የሕመምተኞቹ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተራ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች አላውቅም። ክስት ብላለች። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ወሰድኳት። እንደገባች፣ ገና ሳትቀመጥ፣ የሁለት ወሩ ንዴት ወጣልኝ።

«ለምንድነው የማታጥቢው? የከተማው አፍ ውስጥ ገባን። ሰው እንዴት አባቱን እንደዚያ ይተዋል?»

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም።

«አይፈቅድልኝም» አለች።

«ምን ማለት ነው አይፈቅድልኝም?»

«ከወገቡ በታች ልብሱን እንድገልጥ አይፈቅድልኝም። ከግንቦት ጀምሮ። ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን አጥበዋለሁ። አንሶላውን ከሥሩ እጎትትና እቀይራለሁ። ከዚያ በላይ ስሞክር በዚያ በደህና እጁ ብርድ ልብሱን ይይዛል፤ ያለቅሳል። ሴት ልጄ ዕርቃኔን አታየኝም ይላል። ጫሊ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ያጥበው ነበር። ጫሊ ከሄደ ወር ሆነው። ጎረቤቱን ልጥራ ስለው ልጅ አለኝ፣ ልጄ ይመጣል ይላል።»

ቧንቧው ያንጠባጥብ ነበር። ዘጋሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንድ ሰው ያስፈልጋል አላልኩህም? ስንት ጊዜ! አንተ አናጺ ፈልጊ አልከኝ። ሌላ በስልክ ምን ብዬ ልንገርህ? የአባቴን ገመና ስሙን እየጠራሁ ላውራልህ? እኔም እኮ ሰው ነኝ፣ አፍራለሁ። ያንተ ካርቶን ደግሞ... እጥፋቶቹን ማድረቅ ብለህ ጽፈህልኛል።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ጀርባው መቁሰል ጀምሯል ኪሩ። በልብሱ ላይ ዕዥ አያለሁ፣ ቁስሉን ግን አላየሁትም። ሩፋኤል ደርሷል። ሩፋኤልን ሳልታጠብ አልፌ አላውቅም፣ ዘንድሮ ግን አመቱን በዚህ ገላ ልቀበለው ነው እያለ ነው።»

እመጣለሁ አልኳት። ነገ? አለች። በዚህ ሳምንት፣ አልኩ። ስትወጣ ኤደን በሩ ላይ ነበረች፤ መንገድ ለቀቀችላት፣ ትከሻዋንም ያዝ አደረገቻት። እኔን አልነካችኝም።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። አልሄድኩም። ዛሬም አልሄድኩም። ጊታሩን በሰም ወለወልኩት። ፊቴ ይታይበታል።

ነሐሴ 29

አልሄድኩም።

የሰው አባት ቢሆን እሄድ ነበር። በሙያዬ እምላለሁ፣ እሄድ ነበር። ያንን ሰው ግን የተተኮሰ ሱሪ ለብሶ ነው የማውቀው። የሱሪው ስፌት መስመር ሲጣመምበት እናቴን የሚቆጣውን ሰው። የሚያስጠላኝ ሽታው አይደለም መሰለኝ። ወይም ነው። አላውቅም።

ጳጉሜን 1፣ አርብ

ከሁሉም የባሰውን ዛሬ አደረግሁ። ዲኖ ጋ ሄጄ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጎባ እየሄደ አባቴን የሚያጥብ ጠንካራ ሰው ፈልግልኝ አልኩት። እንደ ጫሊ ያለ። እከፍለዋለሁ።

ዲኖ ከባጃጁ ሥር ተስቦ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት።

«ልጃቸው እዚህ የለም እንዴ?»

«አለሁ።»

«ስማ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወንዱን የሚያጥበው ወንድ ነው፤ ከወንድም ልጁ ይቀድማል። ልጁ እያለ ሌላ ሰው እጁን ቢያስገባ ልጁ ያፍራል። ይሄ እንግዲህ ለሞተ ነው። አንተ በሕይወት ላሉት ሰው ልትቀጥር ነው?»

«አንተ አይገባህም። አልችልም፣ ይቀፈኛል።»

«እኔ አባቴን አራት ዓመት አጥቤአለሁ» አለ። «በየቀኑ ይቀፈኝ ነበር። ማን አይቀፈውም አለህ?»

ተመልሶ ባጃጁ ሥር ገባ። ከዚያ ሆኖ «ጊታሩን ውሰድልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል» አለ።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ፣ ጎባ

እዚህ ነኝ። ሰርክአዲስ የተማሪዎቿን ደብተር የምታርምበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቀኑ ገና አልመሸም።

ጠዋት ጊታሩንና የዲኖን አምፕሊፋየር ተሸክሜ መጣሁ። ሰርክአዲስ በሩን ከፈተችልኝ፤ ዕቃውን አየችና ፊቷ ወደቀ። ለሙዚቃ ብቻ የመጣሁ መስሏት ይሆናል። ለዚያ ብቻ ላለመምጣቴም እርግጠኛ አልነበርኩም።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሰካሁት። አባዬ በብርድ ልብሱ እስከ አፉ ተሸፍኖ ያየኛል። የማውቃትን አንዲት መስመር፣ እሱ ያስተማረኝን፣ አራት ጊዜ ደጋግሜ መታሁለት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናታችን ፎቶ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብዬ አየሁት። ያለቅሳል ብዬ፣ ይስቃል ብዬ። ሁለት ወር የፋቅሁት ለዚህች ደቂቃ ነው።

ደህና እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና እንደ ድሮ ልምምድ ላይ መዳፉን ወደ መሬት ዘረጋ። አቁም ማለት ነው። በግማሽ አፉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣

«ተወው... ይሄን። ውሃ... አሙቅ» አለኝ።

ሰርክአዲስ ውሃውን ቀድማ ጥዳ ኖሯል። ባልዲውን፣ ፎጣውን፣ የላክሁትን ካርቶን ሳይከፈት አመጣችልኝ። ከዚያ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፣ በሩንም ከውጭ ዘጋችው። ብቻችንን ቀረን። ውጭ ዝናብ ጀመረ፤ የሰፈሩ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ልብሳቸውን አውልቀው ሲጮኹ ይሰማል።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱ ለእኔ ያሳየው ለደብተር አይደለም። ቁስሉ እንደፈራሁት ጥልቅ አይደለም። አንድ ጊዜ በጓሮ በር ወጥቼ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጥሙጬ ተመለስኩ። ሰምቶኛል። ይቅርታ አባዬ፣ አልኩት። ጣሪያውን እያየ፣

«እኔንም... ይቀፈኛል» አለ። «ሦስት ወር... ሙሉ።»

ከዚያ በኋላ ማጠቤን ቀጠልኩ። ከላይ ወደ ታች፣ ለብ ባለ ውሃ፣ እጥፋቶቹን እያደረቅሁ። ስድስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ። ጓንቱ አገላብጬ ስደግፈው ያዳልጠኝ ነበር፤ ግማሽ ላይ አወለቅሁት። ቀላል ሰው ሆኗል። ጺሙንም ላጨሁት። ጀርባውን በጥንቃቄ እንዳደርቅለት ነው የሚፈልገው፤ የቀረችውን እርጥበት ሁሉ በጣቱ ያሳየኛል። ያ ስለ ሱሪው ስፌት የሚቆጣው ሰውዬ ነው። ራሱ ነው። ነገ ቁስሉን ልጠርግ እመጣለሁ፣ ማክሰኞም እመጣለሁ።

ንጹሕ ቢጃማ አለበስኩት፣ ትራስ ደገፍኩለት። እጁን አሸተተ። አንገቱን ወደ ደረቱ ደፍቶ ራሱን አሸተተ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በሩን እያየ፣

«አሁን... ሰርኬን ጥራት» አለኝ። «ትቅረበኝ። ሦስት ወር... ልትስመኝ ስትል... ፊቴን ሳዞርባት።»

በሩን ከፈትኩ። ቤተ ክርስቲያን የሄደች መስሎኝ ነበር፤ በረንዳው ላይ፣ ዝናቡ እየረጫት፣ ቆማ ነበር። አልፋኝ ገባችና አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ፊቷን አንገቱ ሥር ቀበረች። እሱም አልዞረም። እኔ የቆሸሸውን ውሃ ይዤ ወጣሁ።